የደረቀ የቱብለስ ጎማ ፈሳሽ ከሳይክልና ከልብስ ላይ እንዴት ይለቃል?

ጥያቄ፦ «ኮምቦልቻ ነው የምንኖረው። ታናሽ ወንድሜ የማውንቴን ሳይክሉን ጎማ ግቢ ውስጥ በኮምፕረሰር ሲነፋ ጎማው ከቸርኬው ዘሎ ወጣና ውስጡ የነበረው ነጭ ፈሳሽ ሳይክሉን፣ የራሱን ማልያ፣ ገመድ ላይ የተሰጣውን የኔን ጂንስና የእናታችንን ነጠላ ረጨው። እሱ ሳይክሉን በሳሙና አጠበው፤ እኔ ልብሱን በፈላ ውሃ፣ ቀጥሎም በበረኪና ዘፈዘፍኩት። ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ጭራሽ ድርቅ ብሎ ቀረ። ቤንዚን ነው የሚያስለቅቀው ብለውኛል፤ ልሞክረው? ወንድሜ ደግሞ ቅዳሜ ደሴ ወጥቶ በሐረጎ ቁልቁለት ሊመለስ አስቧል። ፍሬኑ ላይ የተረጨው አያሰጋም?»

መልስ፦ ቤንዚኑን ለጊዜው ይተዉት። ልብሱም ገና በረኪና ውስጥ ከሆነ አሁኑኑ አውጥተው በብዙ ቀዝቃዛ ውሃ ያለቅልቁት፤ ሌላ ነገር ሳይነካው ጥላ ላይ ይድረቅ። ፍሬኑ ግን አዎ፣ ያሰጋል። ከታች በዝርዝር እመጣበታለሁ።

ያ ነጭ ፈሳሽ ሲላንት ይባላል፤ ቱብለስ በሚባለው፣ ካላማዳሪ በሌለው ጎማ ውስጥ የሚጨመር ቀዳዳ ደፋኝ ነው። አብዛኛው ሲላንት ከጎማ ዛፍ ከሚታለበው ነጭ ወተት፣ ከላቴክስ፣ የሚሠራ ነው። ደቃቅ የጎማ ቅንጣቶች ውሃ ውስጥ ይንሳፈፋሉ፤ እርስ በርስ እንዳይያያዙ አሞኒያ ይገባበታል፤ ቶሎ እንዳይደርቅና ብርድ እንዳያረጋው ደግሞ ግላይኮል ይጨመርበታል። አፍንጫ የሚሰነፍጠው ሽታ የአሞኒያው ነው። ፈሳሹ አየር ሲያገኝ አሞኒያውም ውሃውም ይተናል፣ ቅንጣቶቹ ይገናኙና አንድ ወጥ የጎማ ሽፋን ይሆናሉ። እሾህ የወጋውን ቀዳዳ የሚደፍነውም በዚሁ መንገድ ነው። የተጋገረ እንጀራ ተመልሶ ሊጥ እንደማይሆን ሁሉ ይህም አንዴ ከደረቀ በውሃና በሳሙና ወደ ፈሳሽነቱ አይመለስም። ስለዚህ ሥራው ማሟሟት ሳይሆን ጎማውን ከያዘው ነገር ላይ ማላቀቅ ነው። የፈላ ውሃው ያባሰውም ለዚህ ነው፤ ሙቀት መያያዙን ያፋጥነዋል። በረኪና ጎማውን አያሟሟም፣ የጥጡን ክር ግን ይበላል። ሰው ለእድፍ የሚሮጥበት ሎሚና ኮምጣጤም እዚህ ላይ ጠላት ነው። በጎማ እርሻዎች ላቴክሱን ሆን ብለው የሚያረጉት በአሲድ ነውና፣ እርጥቡ ሲላንት ላይ ሎሚ መጭመቅ ማለት በገዛ እጅ ማርጋት ማለት ነው።

አንድ ነገር ለወደፊቱም ይያዝልኝ፤ ገና እርጥብ የሆነ ሲላንት ላይ በረኪና ማፍሰስ አደገኛ ነው። በረኪናና አሞኒያ ሲገናኙ ክሎራሚን የሚባል መርዛማ ጋዝ ይወጣል። ዓይን ያቃጥላል፣ ያስላል፣ በተዘጋ መታጠቢያ ቤት ደግሞ ሳንባ ይጎዳል። የእርስዎ ደርቆ ስለነበር አሞኒያው ተንኖ ያለቀ ይመስለኛል፤ በዚያውም ይብቃ።

ከመጀመርዎ በፊት ፈሳሹ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ይለዩ። ከደረቀው ጥቂቱን በእርጥብ ጣት ያሹት። እየሟለጨ ወደ ወተትነት ከተመለሰ ላቴክስ የሌለበት ግላይኮልና ክር ብቻ ያለው ዓይነት ነው፤ ለብ ያለ ውሃና ላርጎ ይበቃዋል፣ ቀሪውን ማንበብም አያስፈልግዎትም። እንደ ላስቲክ ተለጥጦ ከተመለሰ ግን ላቴክስ ነው። «ጭራሽ ድርቅ ብሎ ቀረ» ካሉ ይኸኛው መሆኑ አይቀርም።

ከሳይክሉ እንጀምር፤ እሱ ይቀላል። ሁለቱም ጎማዎች ከነቸርኬያቸው ይውጡ። ዲስኮቹ፣ ማለትም የፍሬን ሸራዎቹ የሚጨብጧቸው ክብ ብረቶች፣ በፌስታል ይጠቅለሉ፤ በሁለቱ የፍሬን ሸራዎች መካከል ደግሞ የታጠፈ ካርቶን ይግባ። ካርቶኑ ሁለት ጥቅም አለው፤ ሳሙናና ዘይት እንዳይገባ ይከላከላል፣ አንድ ሰው ሳያስበው የፍሬኑን እጀታ ቢጨብጥም ሸራዎቹን የሚገፉት ፒስተኖች እንዳይገጥሙ ያደርጋል። በዘይት የሚሠራ ፍሬን ዲስኩ በሌለበት ከተጨበጠ ሸራዎቹ ይጣበቁና ጎማው ተመልሶ አልገባ ይላል።

ለቀለም የተቀባው አካል 1 ሊትር እጅ የሚችለው ሙቅ ውሃ ላይ አንድ የሾርባ ማንኪያ ላርጎ ይበቃል። ጨርቅ ነክረው ሲላንቱ ያለበት ላይ ይጠቅልሉት፤ ውሃው እንዳይደርቅ በላዩ ፌስታል ይሰሩበትና ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይተዉት። ሙቀቱና ሳሙናው ጎማውን አያሟሙትም፤ በሽፋኑና በቀለሙ መካከል ገብተው መያዣውን ያላሉታል። ከዚያ ጨርቁን አንስተው በአውራ ጣት ከዳር ወደ መሃል ይግፉት። ዳሩ ሲነሳ ወፍራሙ ክፍል እንደ ቆዳ ተላጦ ይመጣል፣ ቀጭኑ ደግሞ እየተድበለበለ ይወድቃል። የማይነሳውን ጊዜው ባለፈ የኤቲኤም ካርድ ዳር ይግፉት። ቢላዋ፣ የድስት ሽቦና ደረቅ ዱቄት ሳሙና አይጠጉት፤ ሲላንቱ ይለቃል፣ ጭረቱ ግን ይቀራል። ቀለሙ የማያብረቀርቅ ዓይነት ከሆነ የበለጠ ይጠንቀቁ፤ ብዙ የታሸበት ቦታ እያብረቀረቀ ይቀርና ያን የሚመልሰው ነገር የለም።

የተላጠውን አይጣሉት። በጣቶችዎ መካከል አድበልብለው የለውዝ ፍሬ የሚያህል ኳስ ይሥሩና ቀለሙ ላይ የቀረውን ቀጭን ዝቃጭ በዚያ ኳስ ያሹት። ጎማ ከጎማ ጋር ከማንኛውም ነገር በላይ ስለሚያያዝ ኳሱ ቀሪውን እየለቀመ ይወፍራል። ከየትኛውም ኬሚካል በፊት መሞከር ያለበት ይህ ነው፤ ወጪ የለውም፣ ቀለምም አይነካም።

ብየዳው ጎን፣ የብሎን ጭንቅላትና የኬብል ቀዳዳ ውስጥ ለቀረው 70 በመቶ አልኮል ከመድኃኒት ቤት ይግዙ። አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ነክረው 1 ደቂቃ ያቆዩና ይፈትጉት። መጀመሪያ ግን በማይታይ ቦታ፣ ለምሳሌ ከፔዳሎቹ በታች ባለው የሳይክሉ ሆድ ላይ፣ ይሞክሩት፤ በኋላ የተለጠፉ ጽሑፎችን አልኮል ሊያስነሳ ይችላል። አሴቶንና ቲነር ፈጽሞ አይሆኑም። እነሱ ከሲላንቱ ቀድመው ቀለሙን ነው የሚያነሱት።

ካቴናውና የኋላ ጥርሶቹ ላይ የደረቀው ነጭ ጋዝ ይፈልጋል። ካቴናው ተፈትቶ በአሮጌ ቆርቆሮ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ይቆይ፣ በብሩሽ ይፈተግ፣ በላርጎ ይታጠብ፣ በደንብ ከደረቀ በኋላ የካቴና ዘይት ይቀባ። የምግብ ዘይት ካቴና ላይ አይሆንም፤ ቀስ በቀስ እየተለጠፈ አቧራ ይሰበስባል። ጥርሶቹ በነጭ ጋዝ ሲጸዱ የኋላው ዲስክ አጠገባቸው ስለሆነ ከተቻለ ፈትቶ ማውጣት፣ ካልተቻለ ፌስታሉን ማጥበቅ ነው።

አሁን ፍሬኑ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። ወንድምዎ ሲመለስ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል የሚወርደው በእነዚያ ሁለት ዲስኮች ላይ ተማምኖ፣ ከጭነት መኪና ጋር ጠመዝማዛ መንገድ እየተጋራ ነው። ዲስኩ ላይ የደረቀ ሲላንት መጀመሪያ ሸራውን ያንሸራትተዋል፤ ፍሬኑ ሲግል ደግሞ ሸራው ፊት ላይ ይቀባል። ስለዚህ ዲስኩ ላይ ያለውን በፕላስቲክ ካርድ ያንሱትና በንጹሕ ነጭ ጨርቅና በአልኮል ይጥረጉት፤ ጨርቁ ሳይቆሽሽ እስኪመለስ ድረስ ጨርቅ እየቀየሩ ይድገሙት። ነጭ ጋዝ፣ ቤንዚንም ሆነ ከቆርቆሮ የሚረጭ ዝገት ማስለቀቂያ ዘይት ዲስክ አጠገብ አይደርሱም።

ሸራዎቹን አውጥተው ፊታቸውን ይዩ። ሲላንት ብቻ ከሆነ ከላይ የተቀመጠ ሽፋን ነው፤ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ የተዘረጋ 120 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ላይ ስምንት ቁጥር እየሠሩ አዲስ ፊት እስኪወጣ ማሸት ይበቃል። ብናኙን ግን አይተንፍሱት፤ ረጠብ አድርጎ ማሸት ይሻላል። ቤንዚን ወይም ዘይት ከጠጣ ግን አይደክሙ፣ ይቀየር። ምድጃ ላይ አቃጥሎ ማዳን የሚሉትን ዘዴ አልመክርም። ለጊዜው የሚይዝ ይመስላል፣ ቁልቁለት መሃል ሲግል ግን ውስጥ የቀረው ዘይት ወደ ፊት ይወጣል። ሁሉም ከተገጠመ በኋላ ሜዳ ላይ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ገደማ እየነዱ ሙሉ በሙሉ ሳይቆሙ እስከ እግር ጉዞ ድረስ ማብረድ፤ ይህን በእያንዳንዱ ፍሬን ወደ 20 ጊዜ መድገም ሸራውንና ዲስኩን ያላምዳል። ይህ ሳይደረግ ሐረጎን መውረድ የለበትም። ቅዳሜ ካልደረሰ ቅዳሜ ይቅር።

ጎማውና ቸርኬው ብዙ ጊዜ ይረሳሉ። ጎማው ውስጥ ያለውን ስስ ሽፋን መላጥ አያስፈልግም፤ የተንጠለጠለውንና የተድበለበለውን ብቻ ያውጡ። የጎማው ጠርዝና ጠርዙ የሚያርፍበት የቸርኬ ከንፈር ግን ጥርት ብሎ መጽዳት አለበት። እዚያ የቀረች አንዲት ጓል አየር ታሾልካለች፣ ጎማው በቦታው በእኩል እንዳይቀመጥም ታደርጋለች። በአውራ ጣት እየገፉ ማንሳት ይበቃል። ቸርኬው ውስጥ የተጠቀለለው ፕላስተር በብረት አይነካ፤ ከተቀደደ ወይም ዳሩ ከተነሳ በአዲስ ይተካ። ጎማው ውስጥ ቤንዚን ማፍሰስ ደግሞ ሲላንቱንም ጎማውንም በአንድነት ማሳበጥ ነው፤ ሁለቱም ጎማ ናቸውና ቤንዚን አይለያቸውም። ከቫልቩ ውስጥ የሚፈታውን ቀጭን ክፍል በመፍቻው ወይም በትንሽ ፒንሳ ቀስ ብለው አውጥተው ለብ ያለ የሳሙና ውሃ ውስጥ ይዘፍዝፉት፣ በመርፌ ያጽዱት። ከዚያም በኋላ ካፏጨ ርካሽ ዕቃ ስለሆነ ይቀየር።

ወደ ልብሱ። ልብስ ላይ ሁሉን የሚያወጣ ነገር የለም፤ የሚወስነው ጎማው ክሩ ላይ ነው ያረፈው ወይስ ክሩ ውስጥ ገብቷል የሚለው ነው። እርጥብ ሳለ ቢሆን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ወዲያው መንከርና ማለቅለቅ ሁሉንም ያወጣው ነበር። አሁን ግን ደርቋል።

ብዙ ሰው እንደ ማስቲካ በበረዶ ይሰበራል ይላል። ማስቲካ ይሰበራል፤ ላቴክስ አይሰበርም። የተፈጥሮ ጎማ እንደ ብርጭቆ የሚሰባበረው ከዜሮ በታች 70 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው፤ የቤት ማቀዝቀዣ ከዜሮ በታች 18 ገደማ ነው የሚደርሰው። ትንሽ ጠጠር ስለሚል ለመያዝ ይመቻል እንጂ ከዚያ በላይ አይጠብቁ።

የወንድምዎ ማልያ ፖሊስተር ከሆነ ዕድለኛ ነዎት። ሰው ሠራሽ ክር ፈሳሽ ስለማይመጥ ጎማው ከላይ ነው የተቀመጠው። ደረቅ እንዳለ ጨርቁን ወጥረው ይያዙ፣ የሽፋኑን ዳር በጥፍር ያንሱ፣ ከዚያ ጨርቁን ሳይሆን ጎማውን ይጎትቱ። የቀረውን ቅድም ባልኩት የጎማ ኳስ ይልቀሙት። የታተመ ጽሑፍና ቁጥር ላይ ግን ኬሚካል አይሞክሩ፤ ኅትመቱ ቀድሞ ይነሳል። ጥብቅ የሳይክል ቁምጣ ካለም በዚሁ በመላጥ ይብቃ።

ጂንሱ ወፍራም ጥጥ ነው፤ ግማሽ ግማሽ ይሆናል። መጀመሪያ ከላይ ያለውን ይላጡ፣ በደረቅ የልብስ ብሩሽ ይፈትጉ። ለቀሪው ሁለት ምርጫ አለ። ቀላሉ የምግብ ዘይት ነው። ዘይት የተፈጥሮ ጎማን ቀስ ብሎ ያሳብጠዋል፣ ያልመዋል። በጥጥ ቀብተው 30 ደቂቃ ያቆዩና በማንኪያ ዳር ይግፉት፤ ዘይቱን ንጹሕ ላርጎ አፍስሰውበት ሳይበጠበጥ 10 ደቂቃ ካቆዩ በኋላ ይጠቡት። ጠንካራው ነጭ ጋዝ ነው። ከሥር አሮጌ ጨርቅ አንጥፈው፣ እድፉን ወደ ታች ገልብጠው፣ ከጀርባ በኩል በጥጥ ያርጥቡት። ከጀርባ የሚሆንበት ምክንያት ያበጠው ጎማ ወደ መጣበት እንዲወጣ እንጂ ወደ ውስጥ እንዳይገፋ ነው። 10 ደቂቃ ጠብቀው ይገልብጡትና በማንኪያ ይጥረጉ፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ይድገሙ። ከዚያ ለብቻው በእጅ፣ በቀዝቃዛ ውሃና በላርጎ ሁለት ጊዜ ይታጠብ፣ ውጭ ይድረቅ። ሽታው ሙሉ በሙሉ ሳይጠፋ ካውያ አይንካው።

ቤንዚንን ያልመከርኩት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው ካላማዳሪ የሚለጠፍበት ማስቲሽ ራሱ ጎማ በቤንዚን መሰል ፈሳሽ የሟሟ ነገር ነው፤ ቤንዚን በደረቀው ላቴክስ ላይ ሲያፈሱ በእጅዎ ማስቲሽ እየሠሩ፣ ቀጭን አድርገው ድርና ማጉ ውስጥ እየቀቡት ነው ማለት ነው። ሁለተኛው እሳት ነው። ቤንዚን በብርድም ጭምር የሚቀጣጠል እንፋሎት ይሰጣል፣ እንፋሎቱም ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት እየተሳበ ግቢ ጥግ ካለ የቡና ከሰል ሊደርስ ይችላል። ነጭ ጋዝ በአንጻሩ የሚቀጣጠል እንፋሎት የሚሰጠው 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሲሞቅ ነው። ያም ቢሆን ውጭ፣ ከከሰልና ከምድጃ ርቆ፣ ጓንት አድርጎ ይሁን፤ የኮምቦልቻ የቀትር ፀሐይ ላይም አይሥሩት።

የእናትዎ ነጠላ ከባዱ ነው። በእጅ የተፈተለ ልል ጥጥ ፈሳሹን እስከ ክሩ እምብርት ይጠጣል። ሲላጥ ክሩ አብሮ ይመዘዛል፣ ነጭ ጋዝ ሲነካው ጎማው ይሰፋል፣ ቀሪውም ከጊዜ ጋር ይቢጫል። በበረኪናም ትንሽ ሳይዳከም አልቀረም። ነጠብጣቦቹ ጥቂት ከሆኑና ዳር ላይ ካሉ የጎማ ኳሱን ብቻ ቀስ አድርገው ይሞክሩ። ጥለቱ ላይ ከሆነ እጅዎን ይሰብስቡ፤ ልብስ በኬሚካል በደረቁ የሚያጥብ ላውንደሪ ካገኙ «የደረቀ ላቴክስ ነው፣ በረኪናም ነክቶታል» ብለው ነግረው ይስጡ። ዝም ብለው ከሰጧቸው እንደ ተራ እድፍ በሙቅ ውሃ ይጀምሩታል። መሃሉ ላይ በሰፊው ከሆነ ግን የሚድን አይመስለኝም። እናትዎን አሁኑኑ ይንገሯቸው፤ ተስፋ እየሰጡ ደጋግሞ ማጠብ የቀረውንም ይጨርሰዋል።

ቆዳ ላይ የደረቀ በማሸት ይወድቃል፤ ፀጉር ላይ ያለው ዘይት ይፈልጋል። ዓይን ውስጥ ከገባ ለ15 ደቂቃ በሚፈስ ንጹሕ ውሃ ማጠብና ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። የላስቲክ ጓንት ወይም ፊኛ ሲነካ ቆዳው የሚያሳክከው ሰው ይህን ሥራ አይንካው።

ጎማው ለምን ዘሎ ወጣ? የጎሚስታ ኮምፕረሰር ለመኪና የተሠራ ነው፤ ታንኩ ውስጥ 8 ባርና (ባር የአየር ግፊት መለኪያ ነው) ከዚያ በላይ ይይዛል፣ የማውንቴን ሳይክል ጎማ የሚነዳው ግን ከ1.5 እስከ 2 ባር ገደማ ነው። ጠርዙ በአንድ በኩል ሳይቀመጥ በሌላው በኩል አየር ሲበዛበት ይዘላል። ወንድምዎ በሚቀጥለው ጊዜ ጎማውን ያለ ሲላንት ይግጠም፤ ጠርዞቹን በሳሙና ውሃ ያርጥብ፣ የቫልቩን ውስጥ ፈትቶ አየሩን በአጭር በአጭሩ እየለቀቀ ይንፋ። ጠርዙ ሲቀመጥ ጧ የሚል ድምፅ ይሰማል። ጎማው ጎን ላይና ቸርኬው ላይ ከተጻፈው ጣሪያ፣ የትኛውም ያንሳል፣ ከዚያ አይለፍ። ከተቀመጠ በኋላ አየሩን አስተንፍሶ፣ ጠርሙሱን በደንብ ነቅንቆ፣ በ60 ሚሊ ሲሪንጅ ሲላንቱን በቫልቩ በኩል ያስገባ፤ ለ29 ቁጥር ማውንቴን ጎማ ለእያንዳንዱ ከ100 እስከ 120 ሚሊ ይበቃል። እንዲህ ሲሆን ጎማው በሚዘልበት ሰዓት ውስጡ የሚረጭ ነገር የለም። አየር ሲለካም ሲያስተነፍስም ቫልቩን ወደ ላይ ያድርግ፣ ፈሳሹ ከታች እንዲተኛ። ሙቀት ቶሎ ስለሚያደርቀው ኮምቦልቻ ላይ በየ2 ወይም 3 ወሩ ቫልቩን ፈትቶ ቀጭን ዘንግ በማስገባት ይፈትሽ፤ ዘንጉ ደረቅ ሆኖ ከወጣ 50 ሚሊ ይጨምር።